ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «እስቲ አንብበውና የምትለውን ልስማ» ብሎ «የሃይማኖት ክብር ከድርሰት ነጻነት ይቀድማል» የሚል ጽሑፍ ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቋንቋ ይችላሉ፤ ቁጣቸውም የውሸት አይደለም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ መንግሥታት ሃይማኖትን የሚያስቀይሙ ልቦለዶችን ማገዳቸው ተገቢ ነው። እገዳ የሕዝብን ሰላም ይጠብቃል። የመጽሐፍ ነውር ከጥቂት ገጾች ስለሚታወቅ ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም። እገዳ የሚያስረው ወረቀትን እንጂ ሰውን አይደለም። ግብፃዊው ናጊብ ማሕፉዝ እንኳ የመጽሐፉን መታገድ በጸጋ ተቀብሏል። ሊባኖስ ውስጥ ክርስቲያኖችም ይህንኑ አስደርገዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ሃይማኖቱ በልቦለድ ሲነካ ዝም የሚል አማኝ እምነቱን አስደፍሯል።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እኔም እፈርምባታለሁ። ጠባችን ከእርሷ በፊት ባሉት ላይ ነው። ለእምነት ደንታ ከሌላቸው ወገን እንዳልመደብ ስለ ራሴ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ በልጅነቴ ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ዛሬም እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ልቦለዶች መካከል እኔንም ያስከፉኝ አሉ። ዓመታቱን፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሰላሙ ልጀምር። ጸሐፊው ዋና ምስክር አድርገው የሚያቆሙት ሕንድን ነው። «የሕንድ መንግሥት የሰልማን ሩሽዲን ‹ሰይጣናዊ ጥቅሶች› ቀድሞ በማገዱ አገሪቱን ከደም መፋሰስ አዳነ» ይላሉ። ምስክሩን እንስማው።

መጽሐፉ ለንደን ላይ የወጣው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1988 ነው። ሕንድ ኦክቶበር 5 ቀን፣ ገና በዘጠነኛው ቀን፣ ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለች። የከለከለው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። መሣሪያውም የጉምሩክ ሕግ ነበር። ልቦለዱ እንደ ማንኛውም የተከለከለ ሸቀጥ ኬላ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሚኒስቴሩ እገዳውን ሲያሳውቅ ውሳኔው የመጽሐፉን ሥነ ጽሑፋዊና ኪነ ጥበባዊ ዋጋ እንደማይነካ ጨምሮ ተናገረ። ሩሽዲም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለራጂቭ ጋንዲ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ስለ መልካሙ ሂስ አመሰገነ።

እንግዲህ መጽሐፉ ታግዷል። ሰላሙስ? ፓኪስታንም በኖቬምበር አግዳው ነበር። ሆኖም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1989 ኢስላማባድ ውስጥ በአሜሪካ የባህል ማዕከል ደጃፍ በተደረገው ሰልፍ ላይ ፖሊስ ተኩሶ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ሩሽዲ ይገደል የሚለው የኢራኑ መሪ የአያቶላ ኾሜኒ ፈትዋ፣ ማለት ሃይማኖታዊ ብይን፣ ወጣ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን ቦምቤይ ውስጥ ወደ ብሪታኒያ ቆንስላ ያመራ በነበረ ሰልፍ ላይ ፖሊስ ተኩሶ 12 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም አገሮች መጽሐፉ በመደብር አይሸጥም ነበር። ሰው የሞተው ኬላ ባላለፈ መጽሐፍ ነው። «እገዳው ሰላም አመጣ» የሚሉን ጸሐፊ እነዚህን አራት ወር ተኩል ከታሪኩ ላይ ቆርጠው ጥለዋቸዋል።

ለመሆኑ ሕንድ ለምን እንዲያ ቸኮለች? ጸሐፊው «ለአማኞች ክብር» ይላሉ። የዘመኑን ፖለቲካ ለሚያስታውስ ሰው ይህ የዋህነት ነው። በ1985 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻህ ባኖ የተባሉ የተፈቱ እናት ከቀድሞ ባላቸው ቀለብ እንዲቆረጥላቸው ፈረደ። የሙስሊም መሪዎች ተቆጡ፤ የራጂቭ መንግሥትም በ1986 ሕግ አውጥቶ ፍርዱን ዋጋ አሳጣው። በዚያው ዓመት ደግሞ ሂንዱዎች የእኛ ቅዱስ ቦታ ነው የሚሉት የባብሪ መስጊድ ቅጥር ተቆልፎ የኖረው በር ለሂንዱ አምላኪዎች ተከፈተ። ለአንዱ ወገን አንድ ጉርሻ፣ ለሌላው ወገን ሌላ ጉርሻ። 1989 የምርጫ ዓመት ነበር። የፓርላማው አባል ሰይድ ሻሃቡዲን መጽሐፉ ይታገድ ብለው ሲጠይቁ መንግሥት በጉምሩክ ማስታወቂያ ብቻ የሚሰጥ ርካሽ ጉርሻ አገኘ። በምርጫው ግን ራጂቭ ተሸነፉ። የባብሪ መስጊድም በ1992 በጠራራ ፀሐይ ፈረሰ። ልቦለድ በማገድ ሙስሊሞችን አከበረ የተባለው ያው የመንግሥት ሥርዓት መስጊዱን ማዳን አልቻለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

የዚህ እገዳ መጨረሻ ደግሞ ለቀልድ የሚመች ነው። በ2019 አንድ አንባቢ መጽሐፉን ከውጭ ማስመጣት ፈልጎ ለዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከተ። ፍርድ ቤቱ የእገዳውን ማስታወቂያ አምጡ አለ። ጉምሩክ ፈለገ፣ ሚኒስቴሩም ፈለገ፤ ወረቀቱ የለም። ዓመታት አለፉ፤ ወረቀቱ አሁንም የለም። በኖቬምበር 2024 ዳኞቹ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እንዳልነበረ ከመቁጠር በቀር ምርጫ የለንም ብለው መዝገቡን ዘጉ። በሚቀጥለው ወር መጽሐፉ ዴልሂ ውስጥ በመደብር ተደርድሮ ይሸጥ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ አገር ያከበረው እገዳ፣ ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት እንኳ አልተገኘም። የሃይማኖትን ክብር ለእንዲህ ያለ መዝገብ ቤት ነው አደራ የምንሰጠው?

ሁለተኛው ነጥባቸው ስለ ማንበብ ነው። «መርዝ መሆኑን ለማወቅ ጠርሙሱን መጨለጥ አያስፈልግም» ይላሉ። አባባሉ ያምራል፤ አዲስ ግን አይደለም። ሻሃቡዲንም መጽሐፉን እንዳላነበቡት፣ ለማንበብም እንደማያስቡ፣ ቆሻሻ መሆኑን ለማወቅ ቦይ ውስጥ መዋኘት እንደማያሻ በጋዜጣ ጽፈው ነበር።

ልቦለድ ግን ጠርሙስ አይደለም። በልቦለድ ውስጥ የሚናገረው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ክፉውም ይናገራል፣ ከሓዲውም ይናገራል። ዳዊት የደገመ ሁሉ «አልቦ እግዚአብሔር» የሚለውን በአፉ ብሏል። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ከሚለው ላይ ሰነፉን አንሥቶ የቀረውን ጋዜጣ ላይ ያተመ ሰው ነቢዩን ዳዊትን ከሓዲ አድርጎ ሊከስ ይችላል። በሶርያዊው ደራሲ በሃይደር ሃይደር ላይ የተደረገው ይኸው ነው።

«ለባሕር አረም የተሰናዳ ግብዣ» ሊባል የሚችለው ልቦለዱ የወጣው በ1983 ነው። ታሪኩ ከአገራቸው ሸሽተው አልጄርያ ውስጥ ስለሚኖሩ ኢራቃውያን ኮሙኒስቶች ነው፤ የተሸነፉ፣ የመረሩ፣ በሰማይም በምድርም ላይ የሚያጉረመርሙ ሰዎች። መጽሐፉ አሥራ ስድስት ዓመት በዓረቡ ዓለም ሲነበብ ቆየ። በ1999 መጨረሻ የግብፅ የባህል ሚኒስቴር ራሱ በርካሽ ዋጋ አሳተመው። በ2000 ጸደይ «አል-ሻዕብ» የተባለው ጋዜጣ ከገጸ ባሕርያቱ አፍ የወጡ መስመሮችን ለቅሞ አተመና አንባቢዎቹን ለቁጣ ጠራ። በሜይ ወር የካይሮው የእስልምና ትምህርት ማዕከል የአል-አዝሃር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጭተው ብዙ ሰው ቆሰለ። የተለቀሙት መስመሮች ጋዜጣ ላይ ባይወጡ ኖሮ ከእነዚያ ወጣቶች ስንቱ መጽሐፉን በእጁ ይነካው ነበር? ስድቡን በየቤቱ ያደረሰው ደራሲው አይደለም፤ ጋዜጣው ነው።

መንግሥትስ ምን አደረገ? ሚኒስቴሩ ያሳተመውን መጽሐፍ መልሶ ሰበሰበ። በዚያው ወር ደግሞ ጋዜጣውን ዘጋ፤ የጋዜጣውን ባለቤት የሠራተኛ ፓርቲንም አገደ። በአንድ ድንጋይ ደራሲንም ተቃዋሚንም መታ። ጸሐፊው ይህንን ታሪክ «የአማኞች ድል» ብለው ጠርተውታል። አማኞቹ ያተረፉት ሆስፒታል የገባ ተማሪና የተዘጋ ጋዜጣ ነው።

«እገዳ የሚያስረው ወረቀትን ነው» የሚለውን በአጭሩ ላልፈው ነበር፤ አልቻልኩም። እኛ አገር ይህን ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በሃይማኖት ሳይሆን በፖለቲካ የመጣ ጣጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁንና በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከመደብሮች ሲለቀም «የታሰረው ወረቀት ነው» ያለ ሰው ቢኖር፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው እንደወጣ ሲቀር ምን እንዳለ ብሰማ ደስ ባለኝ። እኔ መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት በታይፕ ተገልብጦ፣ ካርቦኑ ደብዝዞ፣ በአንድ ሌሊት ጨርሼ እንድመልስ በመሐላ ተሰጥቶኝ ነው። አንዳንዱ ፊደል አይነበብም ነበር፤ ሻማው እስኪያልቅ በግምት እየሞላሁ ዘለቅኩት። ያን ያህል ተጠንቅቄ ያነበብኩት ሌላ ልቦለድ የለም።

ወደ ሩሽዲ እንመለስ። የጃፓንኛ ተርጓሚው ሂቶሺ ኢጋራሺ በጁላይ 1991 በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። በዚያው ወር ጣሊያናዊው ተርጓሚ ኤቶሬ ካፕሪዮሎ ሚላን ውስጥ በስለት ተወጋ። ኖርዌያዊው አሳታሚ ቪልያም ኒጎር በኦክቶበር 1993 ኦስሎ ውስጥ በቤቱ ደጃፍ በጥይት ተመታ፤ ሁለቱ ተርፈዋል። ሩሽዲ ራሱ በ2022 መድረክ ላይ እንዳለ ተወግቶ ቀኝ ዓይኑን አጣ። እነዚህን ሰዎች የጉምሩክ ማስታወቂያ ወጋቸው አልልም፤ እንዲያ ብል እዋሻለሁ። የምለው ይህን ነው፦ መንግሥት ፍርድ ቤት ሳያቆም፣ ደራሲውን ሳይሰማ፣ «ይህ መጽሐፍ በደለኛ ነው» ብሎ ማኅተም ሲያሳርፍ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል። የቀረው ቅጣቱ ነው፤ ቅጣቱን የሚፈጽም ሰው ደግሞ ከመንገድ ዳር አይጠፋም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሠሩት አንድ የማያሻማ ስህተት አለ። የባንግላዲሿን ሐኪምና ደራሲ ታስሊማ ናስሪንን «ላጃ በተባለው ልቦለዷ እስልምናን በመስደቧ» ታገደች ብለዋል። «ላጃ» ማለት ኀፍረት ማለት ነው። ልቦለዱ የሚተርከው ሕንድ ውስጥ ባብሪ መስጊድ በፈረሰ በማግስቱ ባንግላዲሽ ውስጥ በአንድ የሂንዱ ቤተሰብ ላይ የደረሰውን ነው። አባት አገሬን ጥዬ አልሄድም ይላል፤ ልጁ ሱራንጃን ሀገር ወዳድነቱ ቀን በቀን ወደ ጥላቻ ሲለወጥበት ይታያል፤ ልጅቷ ማያ ከቤት ተጎትታ ትወሰዳለች። መንግሥት በጁላይ 1993 መጽሐፉን ሲያግድ የሰጠው ምክንያትም በማኅበረሰቦች መካከል አለመግባባት ይፈጥራል የሚል ነበር። ነቢይ አልተሰደበም፤ የተነገረው የጎረቤት በደል ነው። ጸሐፊው መጽሐፉን ቢያነቡት ኖሮ ይህ ስህተት አይገኝባቸውም ነበር፤ «ጠርሙሱን መጨለጥ አያስፈልግም» ያሉት ሰው ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ስሙን ብቻ ነው ያነበቡት። ሃይማኖትን ለመጠበቅ ወጣ የተባለው እገዳ የጠበቀው ቤት ያቃጠሉትን ሰዎች ነው። ናስሪን በዓመቱ አገሯን ጥላ ወጣች።

አሁን ወደ ማሕፉዝ። ይህኛው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል፤ ጸሐፊው ከሞላ ጎደል እውነት ተናግረዋልና። ማሕፉዝ በእርግጥ ተስማምቷል።

«የሰፈራችን ልጆች» በ«አል-አህራም» ጋዜጣ በተከታታይ የወጣው ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 1959 ነው። ካይሮ ዳር፣ ከሙቀጠም ተራራ ሥር ባለ በረሃ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ግቢ አለ። በግቢው ውስጥ ማንም የማያየው፣ ዕድሜው የማይታወቅ አያት ይኖራል፤ ስሙ ገበላዊ ነው። ልጁ አድሃም ከአትክልቱ ስፍራ ይባረራል። ከዘሩ መካከል ጀበል፣ ሪፋዓና ቃሲም በየዘመናቸው ተነሥተው ሰፈሩን ከጉልበተኞች ነጻ ያወጣሉ፤ ሰፈሩም በየጊዜው ይረሳል። በመጨረሻ ዓረፋ የተባለ አስማተኛ ይመጣል፤ የአያቱን ምስጢር ሊያይ ግቢውን ጥሶ ሲገባ አገልጋዩን ይገድላል፤ ሽማግሌውም በድንጋጤ ይሞታል። ምዕራፎቹ 114 ናቸው፤ ልክ እንደ ቁርኣን ምዕራፎች።

ቅኔ የቆጠረ ሰው ይህንን ለመፍታት መምህር አያሻውም። ሰሙ የካይሮ መንደር ነው፤ ወርቁ የሙሴ፣ የኢየሱስ፣ የነቢዩ መሐመድና የዘመናዊ ሳይንስ ታሪክ ነው። የአል-አዝሃር ሊቃውንት ወርቁን አይተው ተቆጡ፤ መቆጣታቸውን አልነቅፍም። የጋዜጣው አዘጋጅ መሐመድ ሐሳኔይን ሃይከል ተቃውሞው እየበረታም እስከ መጨረሻው ክፍል አወጣው። ከዚያ በኋላ የፕሬዚዳንት ናስር መንግሥት ሰው ደራሲውን አነጋገረና መጽሐፉ በግብፅ በጥራዝ እንዳይታተም ተስማሙ። የተጻፈ አዋጅ የለም፤ የቃል ስምምነት ነው። ማሕፉዝ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ የኖረ፣ በአንድ ወቅትም የኪነ ጥበብ ሳንሱር ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው፤ የመሥሪያ ቤትን ቋንቋ ያውቃል። ቃሉን ጠበቀ። መጽሐፉ በ1967 ቤይሩት ውስጥ ታተመ፤ ካይሮ ግን በጓዳ በር ካልሆነ አልገባም።

ጸሐፊው «በጸጋ ተቀበለ» የሚሉት ይህንን ነው። በናስር ዘመን የመንግሥት ሰው አስጠርቶህ «ባታሳትመው ይሻላል» ሲልህ የምትሰጠው መልስ ስምምነት ይባላል? ሕንድ ውስጥ በታሚል ቋንቋ የሚጽፈውን ደራሲ የፔሩማል ሙሩጋንን ነገር ላስታውሳቸው። በጃንዋሪ 2015 የአካባቢው ባለሥልጣናት የተቆጡትን ሰዎችና ደራሲውን «ለሰላም» አቀራርበው፣ ልጅ ለማግኘት ስለሚሳሉ ባልና ሚስት በጻፈው ልቦለድ ምክንያት ያለ ቅድመ ሁኔታ ይቅርታ አስፈረሙት። እርሱም ፈረመ። ወደ ቤቱ ተመልሶ ደራሲው ፔሩማል ሙሩጋን ሞቷል ብሎ አወጀ። በጁላይ 2016 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያ «ስምምነት» ማንንም አያስርም አለ፤ ደራሲው ከሞት ተነሥቶ የሚችለውን ያድርግ፣ ይጻፍ ብሎም ፈረደ። መጽሐፍ የማይወድ ሰው መጽሐፉን ይጣለው፣ አንብብ ብሎ የሚያስገድደው የለም የሚል ቃልም አለበት። ማሕፉዝ እንዲህ ያለ ዳኛ አላገኘም።

ያገኘው ሌላ ነገር ነው። በ1988 ኖቤል ተሸለመ፤ በዓመቱ የሩሽዲ ነገር ተነሣ። አክራሪው ግብፃዊ ሰባኪ ሸይኽ ዑመር ዐብዱረሕማን፣ ማሕፉዝ በዚያ ልቦለዱ ጊዜ ተቀጥቶ ቢሆን ሩሽዲ ባልደፈረ ነበር አሉ። አስተውሉ፤ ማሕፉዝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃሉን ጠብቋል፤ መጽሐፉ ካይሮ ውስጥ አልታተመም። «ተስማማ» የሚለው ቃል ግን አላዳነውም። ኦክቶበር 14 ቀን 1994፣ ዓርብ ቀን፣ የ82 ዓመቱ ሽማግሌ ከቤቱ ወጥቶ በወዳጁ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ወጣት ቀረበ። ማሕፉዝ እጁን ሊጨብጥ የመጣ አንባቢ መሰለው። ወጣቱ አንገቱ ላይ ወጋው። ነፍሱ ተረፈች፤ የቀኝ እጁ ነርቭ ግን ተጎዳ፤ እንደ ልጅ ፊደል መጻፍ ተለማመደ። ከዚያ በኋላ የጻፋቸው በጣም አጫጭር የሕልም ቁርጥራጮች ናቸው፤ እጁ የሚፈቅድለት ያን ያህል ብቻ ነበር። ወጣቱ መጽሐፉን አላነበበውም። ከየትስ ያንብበው? አገር ውስጥ አልታተመም።

ማሕፉዝ በኦገስት 2006 አረፈ። በዚያው ዓመት ልቦለዱ ካይሮ ውስጥ ታተመ፤ መቅድሙን የጻፉት አሕመድ ከማል አቡል-መጅድ የተባሉ የእስልምና ሊቅ ናቸው። ዛሬ ካይሮ ውስጥ ይሸጣል። አል-አዝሃርም እስከ ዛሬ በቦታው አለ።

የሊባኖሱ ነገር ብዙ አያቆየንም። በ2004 የጸጥታ ባለሥልጣኑ የካቶሊክ ማዕከሉን አቤቱታ ሰምቶ የዳን ብራውንን «የዳ ቪንቺ ኮድ» አገደ። ጸሐፊው ይህን ያመጡት «ሙስሊሞች ብቻ አይደሉም» ለማለት ነው፤ ልክ ናቸው። ግን የሌላው ሰው ስህተት የእኔን ስህተት ትክክል አያደርገውም። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ ደካማ ልቦለድ ነው፤ ታሪክ አዋቂ የሆነ ቄስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊመልስለት ይችላል። እንዲህ ላለው መጽሐፍ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ማስነሣት ለትንኝ መድፍ መጥመድ ነው።

መልስ ካልን ወደ መጨረሻው ነጥባቸው እንምጣ፤ «ዝም የሚል አማኝ እምነቱን አስደፍሯል» ወደሚለው። እሺ፤ ዝም አንበል። ታዲያ እገዳ መናገር ነው?

ዩሱፍ ዚዳን የተባለው ግብፃዊ የብራና ጽሑፎች ሊቅ በ2008 «አዛዝኤል» የሚል ልቦለድ አወጣ። መጽሐፈ ሔኖክን ያነበበ የወደቀውን መልአክ ስም ያውቀዋል። ታሪኩ በአምስተኛው መቶ ዘመን የነበረ ሂፓ የሚባል መነኩሴ ኑዛዜ ነው። መነኩሴው በ415 እስክንድርያ ውስጥ ፈላስፋዋ ሂፓትያ ስትገደል ያያል፤ ንስጥሮስን ይወዳል፤ ቅዱስ ቄርሎስን ይፈራል። እኛ ንስጥሮስን የምናውቀው በውግዘት ነው፤ ቄርሎስን ደግሞ በቅዳሴ። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው የሃይማኖት መጽሐፋችን ስሙ «ቄርሎስ» ነው። ስለዚህ ልቦለዱ የሚነካው የግብፅን ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ እኔንም ነክቶኛል። አንዳንዱን ገጽ ዘግቼ ተነሥቼ ሄጄአለሁ፤ ተመልሼ ግን ከፈትኩት።

መጽሐፉ በ2009 የዓረብኛ ልቦለድ ዓለም አቀፍ ሽልማትን አገኘ። ኮፕቶች ተቆጡ። የቅዱስ ሲኖዶሱ ጸሐፊ የነበሩት አቡነ ቢሾይ ግን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና የመልስ መጽሐፍ ጻፉ። መልሳቸው ይስማማችሁም አይስማማችሁም ዛሬ ልቦለዱም አለ፣ መልሱም አለ፤ አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይዳኛል። ጸሐፊው ይህን ምሳሌ አላነሡትም። ለክርክራቸው ስለማይመች ይመስለኛል።

አቡኑ ያደረጉት ራሱ ቄርሎስ ያደረገውን ነው። ከሓዲው ንጉሥ ዩልያኖስ ክርስትናን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ቄርሎስ ከብዙ ዓመታት በኋላ መልስ ሲጽፍ የዩልያኖስን ቃል እየጠቀሰ፣ «እንዲህ ይላል» እያለ፣ ነጥብ በነጥብ ሄደ። የዩልያኖስ መጽሐፍ ጠፋ፤ ዛሬ ሊቃውንት ዩልያኖስ ያለውን በአመዛኙ የሚያውቁት ከቄርሎስ መልስ ላይ ነው። መልሱን ያበረከተው ለንጉሡ ለዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ነበር። ይኸው ንጉሥ በ448 ደግሞ የፈላስፋውን የፖርፍርዮስን ፀረ ክርስትና መጽሐፍ እንዲቃጠል አዘዘ። ለፖርፍርዮስ መልስ የጻፉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ሜቶድዮስ፣ የቂሳርያው አውሳብዮስ፣ አቡሊናርዮስ። የአውሳብዮስ መልስ ብቻ 25 ክፍል ነበረው። ዛሬ ከእነዚህ መልሶች አንዱም ሙሉው የለም። ሙግቱ ከነመልሱ ጠፋ። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ማለት ይህ ነው።

ጸሐፊው ሌላ ጽሑፍ እንደሚያስከትሉ ገልጸዋል። ከዚያ በፊት ቢያንስ አንዱን ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ከፈለጉ የማሕፉዝ የእንግሊዝኛ ትርጉም እኔ ዘንድ አለ፤ በወዳጃችን በኩል ልልክላቸው እችላለሁ። የአናጢው ልጅ ሪፋዓ ከሰው ላይ ክፉ መንፈስ ማስወጣትን ከአንዲት የዛር ባለሙያ ሴት የሚማርበት ቦታ ላይ ገጹ ታጥፏል። ጉልበተኞቹ በረሃ ውስጥ ከገደሉት በኋላ ደግሞ ወዳጆቹ ሬሳውን ፈልገው ያጣሉ፤ ሽማግሌው ወስዶ በአትክልቱ ውስጥ ቀበረው ይባላል። እዚያ ኅዳግ ላይ «ትንሣኤውስ?» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ከሥሩም ሦስት መስመር ክርክር አለ። የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ እንዳያጠፉብኝ።